«በግንባታ ሥር» ያለው የትኛው ነው? ስለ ሶፍትዌር ጥቅል መሥሪያ ማኅደሮች ስያሜ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃላት ዝርዝር በአንድ ወገን የባዕዱን ቃል፣ በሌላው ወገን የአማርኛውን አቻ አሰልፎ ሲቀርብ ሁሉም ነገር በየስፍራው የተቀመጠ ይመስላል። ጉድለቱ የሚታየው ቃላቱ ከዝርዝሩ ወጥተው በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ፣ ይልቁንም ዓረፍተ ነገሩ አንድን ሰው እንዲህ አድርግ ብሎ የሚያዝ ሲሆን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው እንዲህ ያለ አንድ ጠባብ የስያሜ መስክ ነው፤ ይኸውም የሶፍትዌር ጥቅል የሚያዘጋጅ መሣሪያ ዕቃውን ከየት እንደሚያነሣ፣ የት ላይ እንደሚሠራውና የት እንደሚያኖረው የሚነገርባቸው ቃላት ናቸው። ትችቱ በቅድሚያ የሚያርፈው በሌላ ሰው ሥራ ላይ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለሠልጣኞች እንዲሆን ያዘጋጀው የመጀመሪያው የመመሪያ ረቂቅ ነው የሚተቸው፤ ረቂቁ የተጠቀመባቸው ቃላት ግን አብዛኞቹ በአማርኛ የኮምፒውተር ገጽታዎች ላይ ዛሬም የሚታዩ ስለሆኑ ነገሩ የአንድ ሰው ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ነገሩን በሙያው ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። በሊኑክስ ሥርዓቶች አንድ ፕሮግራም ለተጠቃሚው የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በጥቅል መልክ ነው። ጥቅሉ ፕሮግራሙን፣ አብረውት የሚሄዱትን ፋይሎችና እያንዳንዱ ፋይል በኮምፒውተሩ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ የሚናገረውን መዝገብ በአንድነት ይይዛል። ከጥቅል ዓይነቶች አንዱ አርፒኤም የሚባለው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1995 በሬድ ሃት ኩባንያ ማርክ ዩዊንግና ኤሪክ ትሮአን የጀመሩት ነው፤ ዛሬም የፌዶራ፣ የሬድ ሃትና የሱዜ ሥርዓቶች ይገለገሉበታል። ጥቅሉን የሚሠራው መሣሪያ አርፒኤምቢልድ ይባላል።

ይህ መሣሪያ ስድስት ማኅደሮችን ይጠቀማል። «ማኅደር» ያልሁበትን ምክንያት ወደፊት አመለክታለሁ። ስፔክስ በተባለው የሥራው ቅደም ተከተል የተጻፈበት ዝርዝር መግለጫ ይቀመጣል። በሶርስስ ደራሲው የጻፈው የፕሮግራም ምንጭ እንደ ታሸገ ይቆያል። መሣሪያው የታሸገውን ከዚያ ወስዶ በቢልድ ይፈታዋል፤ ምንጩ በኮምፓይለር አማካይነት ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለወጠውም እዚያው በቢልድ ነው። ያለቀው ሥራ ወደ ቢልድሩት ይሻገራል። ቢልድሩት የእውነተኛው ኮምፒውተር አምሳያ ነው፤ ፋይሎቹ ወደፊት በተጠቃሚው ማሽን ላይ በሚይዙት አቀማመጥ ልክ በውስጡ ይደረደራሉ፣ ነገር ግን እውነተኛውን ሥርዓት አይነኩም። ከዚያ ተነሥቶ የሚጠቀለለው ጥቅል በአርፒኤምስ፣ ምንጩንና መግለጫውን የያዘው ሌላው ጥቅል ደግሞ በኤስአርፒኤምስ ይቀመጣል። (ስሞቹን እዚህ በድምፃቸው በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ማሽኑ በሚያነበው ፋይል ውስጥ ግን በላቲን ፊደል እንዳሉ ይቆያሉ። ተርጓሚ ሊያብራራቸው እንጂ ሊለውጣቸው አይችልም፤ ይህን ያልተረዳ ትጉህ ተርጓሚ መሣሪያውን ሥራ ያስፈታዋል።)

ስድስቱ በአንድ ዐቢይ ማኅደር ውስጥ ይሰበሰባሉ። የዐቢዩን አድራሻ የሚይዘው ማክሮ ቶፕዲር ሲሆን ሶርስዲር፣ ስፔክዲር፣ ቢልድዲር፣ አርፒኤምዲርና መሰሎቻቸው ተለይተው ካልተጻፉ በስተቀር አድራሻቸውን ከሱ ይወርሳሉ። ስለዚህ በመኖሪያ ማኅደሩ ውስጥ አርፒኤምማክሮስ በተባለው ፋይል አንዲት መስመር የጻፈ ተጠቃሚ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ወደ ፈለገው ስፍራ ያዛውራል። አንዱን ብቻ መለየት የፈለገ፣ ለምሳሌ ቢልድን ሰፊ ቦታ ወዳለው ሌላ ዲስክ ማዛወር የፈለገ፣ የዚያን ማክሮ ብቻ ይጽፋል። ለአንድ ጊዜ ሥራ ከሆነ አድራሻው ከትእዛዙ ጋር ተያይዞ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህኛው በፋይል ከተጻፈው ይበልጣል።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። በቀድሞዎቹ የሬድ ሃት እትሞች ዐቢዩ ማኅደር «/ዩኤስአር/ኤስአርሲ/ሬድሃት» ነበር። ስፍራው የሥርዓቱ አስተዳዳሪ ይዞታ በመሆኑ ተራ ተጠቃሚ እንደ ነበረ ቢተወው ሊጽፍበት አይችልም፤ ስለሆነም ብዙ ጥቅል ሠሪዎች በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይሠሩ ነበር። በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሠራን ሰው ማሽኑ አይከለክለውም፤ ደምስስ ካለው ይደመስሳል። ኋላ ዐቢዩ ማኅደር በተጠቃሚው መኖሪያ ውስጥ አርፒኤምቢልድ በሚል ስም እንዲሆን ተደረገ። የማኅደሮችን አድራሻ የሚያስተካክል ሰው እንግዲህ የሚወስነው ስሕተት ቢደርስ ጥፋቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ጭምር ነው። እንዲህ ባለው ሥራ ላይ «የትኛው ማኅደር?» የሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ ሊኖረው አይገባም።

የኔ ረቂቅ ግን ሁለት መልስ ሰጠው። ቢልድን «ግንባታ»፣ ሩትን «ሥር»፣ ቢልድሩትንም «የግንባታ ሥር» ብየ ነበር። በዝርዝሩ ላይ እንከን አይወጣለትም፤ ቃል በቃል ተመዝኖ የተቀመጠ ነው። በመመሪያው ውስጥ ግን እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ሆነ፦ «አዲስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በግንባታ ሥር ያሉት ፋይሎች ሁሉ ይደምሰሱ።» ረቂቁን ለሙከራ ካነበቡት አንዱ ወጣት ባለሙያ ትእዛዙን ተቀብሎ ቢልድን ባዶ አደረገው። በቢልድ ውስጥ የተፈታውን ምንጭ በእጁ ሲያርም ሁለት ቀን ቆይቶ ነበርና የሁለት ቀን ሥራው ጠፋ። እኔ ያልሁት ቢልድሩትን ነው ብየ ልከራከር ብሞክር አማርኛው አይደግፈኝም። «በግንባታ ሥር ያለ ድልድይ»፣ «በግንባታ ሥር ያለ ትምህርት ቤት» ስንል ገና እየተሠራ ያለ፣ ያላለቀ ማለታችን ነው። ገና እየተሠራ ያለው የሚገኘው ደግሞ በቢልድ ነው። ቢልድሩት የሚይዘው ያለቀውን ነው። ወጣቱ የተሳሳተው አማርኛ ስለሚያውቅ ነው።

የ«ሥር» ችግር በዚህ አያበቃም። በአማርኛ «ሥር» የዛፍ ሥር፣ የደም ሥር፣ እንዲሁም የ«በታች» አቻ ነው፤ «ከዛፉ ሥር ተቀመጠ» ያልነው ሰው ከግንዱ አጠገብ በጥላው እንጂ በሥሩ ላይ አልተቀመጠም። በኮምፒውተሩ ሙያ ደግሞ «ሩት» የሚለው ባዕድ ቃል ሦስት ነገር ይጠራል፤ ማኅደሮች ሁሉ የሚወጡበትን የመጀመሪያውን ማኅደር፣ የሥርዓቱን አስተዳዳሪ፣ በዚህ መስክ ደግሞ አምሳያውን ቢልድሩትን። ሦስቱን ሁሉ «ሥር» ማለት አንድን መንታ ትርጉም በሌላ መንታ ትርጉም ማባዛት ነው። አደጋው በተግባር የታወቀ ነው። በጥንቶቹ እትሞች ቢልድሩትን መወሰን የጥቅል ሠሪው ፈቃድ ነበር፤ ያልወሰነ ሰው ያለቀውን ሥራ በቀጥታ በገዛ ማሽኑ እውነተኛ ሥርዓት ላይ ያሰፍር ነበር። በመግለጫው መጨረሻ ላይ «ቢልድሩትን ደምስስ» የሚል ትእዛዝ ካለና የቢልድሩት አድራሻ የመጀመሪያው ማኅደር ከሆነ ትእዛዙ ማሽኑን በሙሉ ይደመስሳል። ለዚህም ነው ጥንቁቆቹ ከመደምሰሱ በፊት «ቢልድሩት ከመጀመሪያው ማኅደር የተለየ እንደሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ይጽፉ የነበረው፤ ኋላም መሣሪያው ራሱ እንዲህ ያለውን አድራሻ አልቀበልም እንዲል ተደረገ። ማሽኑ ሁለቱን «ሥሮች» ለመለየት ይህን ያህል ከተጠነቀቀ መዝገበ ቃላቱ ሊያንስ አይገባውም።

መፍትሔውን ከሩቅ አልፈለግሁትም። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች በየቀኑ የሚጽፉት «ሥርወ ቃል» የሚለው ሐረግ ይበቃል። በግእዝ ዘርፍ አያያዝ «ሥርወ» ያለ ዘርፉ አይቆምም፤ «ሥርወ» ብሎ የጀመረ ሰው የምን ሥር እንደሆነ ሳይናገር ማቆም አይችልም፣ «በታች» ተብሎም ሊነበብ አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ማኅደር «ሥርወ ማኅደር» ይሁን። አስተዳዳሪው «አስተዳዳሪ» ይባል፤ ሰው ነው፣ ወይም ሰውን ይወክላል፣ ሥር የሚያሰኘው ነገር የለም። ቢልድሩት ደግሞ «ጊዜያዊ ሥርወ ማኅደር» ይሁን። በመጀመሪያ «አስመሳይ ሥርወ ማኅደር» ብየ ነበር፤ ለነገሩ ባሕርይ ይህኛው ይቀርባል፣ ነገር ግን «አስመሳይ» በአማርኛ የሰው ነውር እንጂ የማኅደር ባሕርይ አልሆነልኝም።

አሁን «ዳይሬክተሪ» የሚለውን ወደ አማርኛ ለመመለስ ወደ ቀረቡት ቃላት እንሻገር። በብዛት የሚታዩት «ማውጫ» እና «አቃፊ» ናቸው። «ማውጫ» በአንድ በኩል ሊመሰገን ይገባዋል። የስልክ ማውጫ፣ የመጽሐፍ ማውጫ ስንል የስሞች ዝርዝር ማለታችን ነው፤ በዩኒክስና በሊኑክስ ሥርዓቶችም ዳይሬክተሪ በውስጠ ባሕርዩ የስሞች ዝርዝር ነው፣ እያንዳንዱ ስም ፋይሉ ወደሚገኝበት ያመለክታል። ቃሉን የመረጠው ሰው ይህን አውቆ ከሆነ በጥልቀት አስቧል። ነገር ግን የጥቅል ሠሪው ጉዳይ ዝርዝሩ አይደለም፤ ስፍራው ነው። «በማውጫው ውስጥ አስቀምጥ» የሚል አማርኛ ጆሮን ይቆረቁራል፤ በማውጫ ውስጥ ስም ይጻፋል እንጂ ዕቃ አይቀመጥም።

ከዚህ የከፋውም አለ። «ማውጫ» ከ«ማውጣት» የወጣ ነው፤ የታሸገን ነገር መፍታት ደግሞ በዚህ ሙያ ዘወትር «ማውጣት» ይባላል። ሶርስስን «የምንጭ ማውጫ» ብንለው አማርኛ ተናጋሪው የሚረዳው «ምንጩ የሚወጣበት ስፍራ» ብሎ ነው። ምንጩ የሚወጣበት፣ ማለት የሚፈታበት፣ ቢልድ ነው። በዝርዝሩ ላይ ለሶርስስ የተሰጠው ስም በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የጎረቤቱ ስም ሆነ። በ«ግንባታ ሥር» የደረሰው ስሕተት እዚህም ይደገማል፤ ሁለቱም የሚያመሩት ወደ ቢልድ መሆኑ አጋጣሚ አይመስለኝም። ሥራው የሚሠራው በቢልድ ነውና ከግሥ የወጣ ማንኛውም ቃል ወደዚያ ይሳባል።

«አቃፊ» ከዚህ ነገር ነፃ ነው። ለጽሕፈት ቤት ዶሴ፣ በመስኮት ላይ ለሚታየው ሥዕል ጥሩ ይሆናል። ግን የአድራጊ ቅጽል ነው፤ «አቃፊ አመራር»፣ «አቃፊ ሐሳብ» በሚባልበት ዘመን «አቃፊው የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ስለ ሰው የቀረበ ይመስላል። የኔ ምርጫ «ማኅደር» ነው። ኀደረ ካለው የወጣ የግእዝ ስም ነው፤ እንደ መንበር፣ እንደ ምሥራቅና ምዕራብ ሁሉ ድርጊቱ የሚፈጸምበትን ስፍራ ይጠራል። በአማርኛም የዳዊት ማኅደር፣ የሠራተኛ የግል ማኅደር እያልን በውስጡ ነገር የሚኖርበት መሆኑን እናውቃለን። (የግእዙ «መ» በሙሉ የስፍራ ነው ለማለት አልደፍርም፤ መጥባሕት ቢላዋ ነው። ማኅደርን ግን ማንም መሣሪያ ነው ብሎ አይረዳውም።)

ይህ ቅንፍ ወደ ዋናው የሰዋስው ነጥብ ያመጣናል። አማርኛ በ«መ—ያ» የሚያወጣቸው ስሞች መሣሪያንም ስፍራንም ይጠራሉ። መጥረጊያ የሚጠረግበት ዕቃ ነው፤ ማረፊያ የሚታረፍበት ስፍራ ነው። «ሥጋ መቁረጫ» ያልነው ቢላዋ ወይም ገበታ ሲሆን «ትኬት መቁረጫ» ያልነው መስኮት ነው፤ ያው አንዱ ቃል ከአጠገቡ ያለውን ስም አይቶ ትርጉሙን ይለውጣል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ «የሚቆረጥበት» የሚለው «በ» የመሣሪያም የስፍራም መስተዋድድ ነው። በተራ ንግግር ዐውዱ ይፈርዳል። በዚህ መስክ ግን መሣሪያውና ስፍራው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ይቆማሉ። አርፒኤምቢልድን «ጥቅል መገንቢያ»፣ ቢልድን ደግሞ «መገንቢያ» ያለ ተርጓሚ «የመገንቢያውን አድራሻ ለመገንቢያው ንገረው» የሚል ትእዛዝ ለመጻፍ ይገደዳል። ይህን ሳቅ ለመፍጠር ያቀናበርሁት አይደለም፤ «መገንቢያው የመገንቢያውን ቦታ ካላገኘ» የሚል ሐረግ በገዛ ረቂቄ ውስጥ አግኝቻለሁ።

ቋንቋው ራሱ ይህን ችግር ከዚህ በፊት አግኝቶ ፈትቶታል። ማተሚያ ማሽን ነው፤ ማሽኑ ያለበት ማተሚያ ቤት ይባላል። ወፍጮ ቤት፣ መዝገብ ቤት፣ ግምጃ ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ በነገሥታቱ ግቢ እንጀራ ቤትና ጠጅ ቤት፣ ሁሉም ስፍራውን ከመሣሪያውና ከዕቃው የሚለዩት «ቤት» የሚለውን ቃል በመጨመር ነው። እንዲያውም የቤተ መንግሥቱ ጓዳ ለጥቅል ሠሪው ማኅደሮች የቅርብ ምሳሌ ይሆናል፤ ጥሬው ከሚቀመጥበት፣ ከሚሠራበት፣ ያለቀው ከሚቆይበት ክፍል እያንዳንዱ የራሱ ስም ነበረው፣ አንዱ በሌላው አይተካም። ታዲያ ማኅደሮቹን ሁሉ «ቤት» ለምን አንላቸውም? ሞክሬዋለሁ። ቢልድን «መሥሪያ ቤት» ስል ነገሩ አበቃ፤ አንባቢው የሥራ ቅጥር ማመልከቻ ሊያስገባ ካልፈለገ በቀር ወደዚያ አይሄድም። «ቤት» የተጨመረባቸው ብዙዎቹ ሐረጎች ወደ አንድ ስያሜ ረግተዋልና ለአዲስ ነገር ነፃ አይደሉም። ዘዴውን ወስዶ ቃሉን መተው ይሻላል፤ «ማኅደር» እንደ «ቤት» ሆኖ ከኋላ ይቁም፣ የ«መ—ያ» ስም ደግሞ በዚህ መስክ ብቻውን እንዳይቆም ይከልከል። «የመገንቢያ ማኅደር» ይባላል፤ «መገንቢያ» ብቻውን የተባለ እንደሆነ መሣሪያው ነው።

ከእርሻ ቃላት የሚነሡ ሐሳቦችም አሉ። ቢልድን «አውድማ»፣ አርፒኤምስን «ጎተራ» ማለት ይቻላል፤ ነዶው ከክምር ይመጣል፣ በአውድማ ይወቃል፣ ፍሬው ወደ ጎተራ ይገባል። ውበቱን አልክድም፤ ቅደም ተከተሉም በትክክል ይገጥማል። ችግሩ ቃሉ ምሳሌ ሆኖ መቅረቱ ነው። አንባቢው ምሳሌውን በተረዳ ቁጥር ከሙያው አንድ እርምጃ ይርቃል፤ የቢልድሩትን አቻ ደግሞ በገበሬው ጓሮ አላገኘሁትም። ፍሬው ወደ ጎተራ ከመግባቱ በፊት በሐሰተኛ ጎተራ የሚደረድር ገበሬ የለም።

ሁለት ቃላት በተለይ መነሣት አለባቸው። አንደኛው «መድረሻ» ነው። የፕሮግራሙ ፋይሎች በሚሰፍሩበት ጊዜ ዴስትዲር በተባለ ተለዋዋጭ የቢልድሩት አድራሻ ይሰጣል፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ መድረሻ ማለት ስለሆነ በአማርኛም «መድረሻ ማኅደር» ይባላል። ነገር ግን ፋይሎቹ ወደዚያ ደርሰው አይቀሩም። በዚያ ተሰናድተው ተጠቅልለው ያልፋሉ። የሚደርሱበት የመጨረሻ አድራሻ ፕሬፊክስ በተባለው ሌላ ተለዋዋጭ የሚነገረው ነው፤ እሱ «ቅድመ ቅጥያ» ተብሎ በመተርጎሙ የሰዋስው እንጂ የስፍራ ነገር አይመስልም። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ነው፤ ማለፊያው መድረሻ ተባለ፣ መድረሻው ቅድመ ቅጥያ ተባለ። ሠልጣኝ ሁለቱን ካለዋወጠ የቢልድሩት አድራሻ በፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፎ ይቀርና ጥቅሉ በተጠቃሚው ማሽን ላይ የሌለ ማኅደር ሲፈልግ ይገኛል። ዴስትዲርን «የማሰናጃ ማኅደር»፣ ፕሬፊክስን «የመጨረሻ አድራሻ» ማለት ባዕዶቹን ቃላት መክዳት ቢመስልም ሥራውን መታመን ነው።

ሁለተኛው «መጫን» ነው። ዛሬ በአማርኛ ፕሮግራም ይጫናል፣ ገጽ ይጫናል፣ ፋይል ይጫናል፣ አዝራርም ይጫናል። በጥቅል መግለጫው ውስጥ ደግሞ «ኢንስቶል» የሚባል ክፍል አለ፤ ያለቁትን ፋይሎች ከቢልድ ወደ ቢልድሩት የሚያሻግረው ይህ ክፍል ነው። «የመጫን ክፍል» ሲባል አንባቢው ፕሮግራሙ በማሽኑ ላይ እንደ ተጫነ ይረዳል፤ በቢልድሩት አማካይነት እንዳይሆን የተደከመበት ነገር ግን እሱው ነበር። «ማስፈር» የሚለው ግሥ እዚህ ይበጃል፤ ሰው በመሬት ላይ ይሰፍራል፣ ያሰፈረውም ሰው ሰፈሩ ጊዜያዊ መሆኑን ያውቃል።

ስለ «ዱካ» ብዙ አልልም፤ የፋይል አድራሻን «ዱካ» ማለት ተለምዷል፣ ዱካ ግን የሄደ የሚተወው ነው እንጂ ገና ላልተሄደበት የሚሰጥ አይደለም፤ «አድራሻ» ይበቃል። «ነባሪ» የሚለውን ግን እወደዋለሁ፤ ተጠቃሚው ካልለወጠው ጸንቶ የሚኖረውን አድራሻ በአንዲት ቃል ይናገራል። ይሁን እንጂ በዚህ መስክ ከ«ነባር» ጋር ያለው መቀራረብ ይጎዳል። «ነባሩ ማኅደር» ቀድሞ የነበረው፣ «ነባሪው ማኅደር» ዛሬ የሚሠራበት ነው፤ በመካከላቸው ያለው የአንዲት ፊደል ሣልስነት ብቻ ነው። ከላይ እንደ ታየው ሁለቱ በአርፒኤምቢልድ ታሪክ በእርግጥ የተለያዩ ስፍራዎች ናቸው፤ አንደኛው የአስተዳዳሪው ይዞታ፣ ሌላኛው የተጠቃሚው መኖሪያ። በመመሪያ ውስጥ «ነባር» የሚለውን ቃል ፈጽሞ አለመጠቀምና «የቀድሞው» ማለት ይሻላል።

እነዚህ ስያሜዎች በሚቀጥለው ረቂቅ ገብተው ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ሆኗል፦ «አዲስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በጊዜያዊው ሥርወ ማኅደር የሰፈሩት ፋይሎች ይደምሰሱ፤ የመገንቢያ ማኅደሩ አይነካ።» ረዝሟል፤ ግን ሁለት ንባብ አይቀበልም። እንዲህ ባለ ጊዜ መሣሪያው ራሱ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው የአርፒኤም 4.20 እትም በቢልድ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ክፍል ይከፈትና ቢልድሩትም በዚያ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ጎረቤታሞች የነበሩት ሁለቱ ማኅደሮች አሁን አንዱ በሌላው ውስጥ ሆኑ። በዚህ አቀማመጥ የቀድሞው «በግንባታ ሥር» ሦስተኛ ንባብ ያገኛል፤ ቢልድሩት በእርግጥም በቢልድ ሥር ነውና። አዲሶቹ ስሞች ግን ስለ አቀማመጡ የሚናገሩት ነገር ስለሌለ ሳይለወጡ አለፉ፤ «የመገንቢያ ማኅደሩ አይነካ» የሚለው ብቻ «በመገንቢያ ማኅደሩ ውስጥ ያለው ሌላው አይነካ» ተብሎ መስተካከል ነበረበት።

ያልተፈታ አንድ ነገር ቀርቷል። ያው ሥራው የጠፋበት ወጣት አዲሱን ረቂቅ ሲያነብ ኤስአርፒኤምስ «የምንጭ ጥቅል ማኅደር»፣ ሶርስስ «የጥቅል ምንጭ ማኅደር» ተብለው አንድ ገጽ ላይ አገኛቸው፤ አንደኛው የተጠቀለለ ምንጭ፣ ሌላኛው ጥቅል የሚሆን ምንጭ ነው። ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ የዘርፍና የባለቤት ቅደም ተከተል ብቻ ይለያቸዋል። ሆኖም ገጹን ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ ሁለት ጊዜ አለዋወጣቸው፤ ሳርመው እኔም አንድ ጊዜ አለዋወጥኋቸው። ለኤስአርፒኤምስ «ምንጭ» የሚለው ቃል የማይገባበት ሌላ ስም ያለው አንባቢ ቢኖር ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።